ሥራዋን ያልሸጠችው ዘፋኝ፦ ስለ አኒ ዲፍራንኮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አኒ ዲፍራንኮ ባወራሁ ቁጥር የሚነሱብኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ግማሾቹን የሚጠይቁኝ ሙዚቃ ወዳዶች ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ ጊታር ይዘው ቤታቸው ዘፈን የሚጽፉ ልጆች ናቸው፣ የእነሱ ጥያቄ ሁልጊዜ ዞሮ ዞሮ ገንዘብና ውል ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ላይ ሰብስቤ መለስኳቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አኒ ዲፍራንኮ ማን ናት?

አሜሪካዊት ዘፋኝ፣ የዜማና ግጥም ደራሲ፣ ጊታር ተጫዋች። በ1970 ባፋሎ ውስጥ ተወለደች። ባፋሎ በኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ትሁን እንጂ ከዋናው ኒው ዮርክ ከተማ በጣም ትርቃለች። ካናዳ ድንበር ላይ ያለች፣ በበረዶዋ የታወቀች፣ የብረት ፋብሪካዎች ሲዘጉ ብዙ ሰው ሥራ ያጣባት ከተማ ናት። ይህንን መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ታሪኳ ከከተማዋ ተነጥሎ ስለማይነገር ነው።

ከ1990 ጀምሮ ከ20 በላይ የስቱዲዮ አልበሞች አውጥታለች። ሁሉንም ያሳተመችው በራሷ ድርጅት በራይቸስ ቤብ ሪከርድስ ነው። ለአንድም ትልቅ ኩባንያ ፈርማ አታውቅም። ብዙ ሰው «ኢንዲፔንደንት» ሲባል መጀመሪያ የምትመጣለት እሷ የሆነችው ለዚህ ነው።

«ኢንዲፔንደንት» ማለት ታዲያ ምን ማለት ነው? ያልታወቀ ዘፋኝ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ ካልገባ የቀረው ታሪክ ሁሉ አይገባም።

አንድ ዘፋኝ ከትልቅ አሳታሚ ኩባንያ ጋር ሲፈርም በተለመደው አሠራር ኩባንያው ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጠዋል። ያ ገንዘብ ስጦታ አይደለም። ከዘፋኙ ድርሻ እየተቀነሰ የሚመለስ ነው። የስቱዲዮው ወጪም፣ ብዙ ጊዜ የቪዲዮውም፣ ከዚያው ከዘፋኙ ድርሻ ይቆረጣል። ሁሉም ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ግን የተቀዳው ድምፅ፣ ማለትም ማስተሩ፣ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ቤት ሠርተህ የቤቱን ዕዳ በሙሉ ከፍለህ ጨርሰህ ካርታው በሌላ ሰው ስም ሲወጣ እንደማየት ነው።

ኢንዲፔንደንት ማለት ካርታው በራስህ ስም ነው ማለት ነው። ዘፈኑን መቼ ማውጣት እንዳለብህ፣ ሽፋኑ ላይ ምን መሳል እንዳለበት፣ ማስታወቂያ ላይ ይግባ አይግባ፣ የምትወስነው አንተ ነህ። ኪሳራውም ያንተው ነው።

እኛም ሀገር በካሴት ዘመን ብዙ ዘፋኝ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይወጣ ነበር። ካሴቱ ከየሱቁና ከየታክሲው ድምፁ ሲሰማ ቢውልም ዘፋኙ ጋ ተጨማሪ ሳንቲም አይደርስም። ይህንን የሚያውቅ ሰው የአኒ ውሳኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

እንዴት ጀመረች?

በዘጠኝ ዓመቷ። ማይክል ሜልድረም የሚባል የባፋሎ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ነበር፣ እሱ አስተማሪዋም ጓደኛዋም ሆነ። የቢትልስን ዘፈኖች ከእሱ ጋር ይዛ ቡና ቤትና መጠጥ ቤት መዞር ጀመረች። ሜልድረም ከኒው ዮርክ ከተማ የፎክ ዘፋኞችን፣ ማለትም በጊታር ታሪክ የሚዘፍኑ ሰዎችን፣ ወደ ባፋሎ ይጋብዝ ስለነበር አንዳንዶቹ እነ አኒ ቤት ያድሩ ነበር። በኋላ ዓለም ያወቃት ሱዛን ቬጋ አንዷ ናት። ለአንዲት ትንሽ ልጅ ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው። ዘፈን ከሰማይ የሚወርድ ነገር አለመሆኑን፣ ጠዋት ተነስቶ ቁርስ የሚበላ ሰው የሚጽፈው ነገር መሆኑን ታያለችና።

ወላጆቿ ተለያዩ። እናቷ ከባፋሎ ስትወጣ አኒ አልሄድም ብላ ቀረች። በ15 ዓመቷ በሕግ ራሷን ቻለች፣ ብቻዋን መኖር ጀመረች። የራሷን ዘፈኖች መጻፍ የጀመረችውም በዚሁ ሰሞን ነው። ወደ 20 ዓመቷ ስትቃረብ ኒው ዮርክ ከተማ ሄዳ ዘ ኒው ስኩል በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሴኩ ሰንዲያታ ከተባለው ገጣሚ ዘንድ ግጥም ተማረች። ሰንዲያታ ግጥሙን በወረቀት ብቻ የሚተው ሰው አልነበረም፣ ከሙዚቃ ጋር መድረክ ላይ የሚያቀርብ ነበር። የአኒን ግጥሞች ሳያዜሙ ዝም ብሎ ማንበብ የሚቻለው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ድርጅቱን ያቋቋመችው ገንዘብ ስለነበራት ነው?

ገንዘብ አልነበራትም። የነበራት አድማጭ ነው።

ሰው እየመጣ «ቤቴ የምሰማው ካሴት አለሽ ወይ?» ሲላት የመጀመሪያ ሥራዋን ቀዳች። ድምፅና ጊታር፣ ሌላ ምንም የለበትም። 500 ካሴት አባዛች፣ ቶሎ አለቀ። ሌላ አሳተመች። 1990 ላይ አልበም ሆኖ ወጣ። ካሴቱ ላይ የአሳታሚ ስም መኖር አለበትና «ራይቸስ ቤብ» ብላ ጻፈችበት። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ማለት እሷና ካሴቶቿ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ መኪና ነዳች። ይሄ የሙያዋ ትልቁ ክፍል ነው፣ ሰው ግን ሲያወራ ይዘለዋል። ኮሌጅ፣ ቡና ቤት፣ የፎክ ፌስቲቫል፣ የሴቶች የሙዚቃ ዝግጅት፣ አርባ ሰው ያለበትም ቦታ ቢሆን ትሄዳለች፣ ከመድረክ ስትወርድ ካሴቱን ራሷ ትሸጣለች። ገዢው ለጓደኛው ይቀዳለታል። ያ ጓደኛ ያለበት ከተማ ስትደርስ ዘፈኑን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ይጠብቃታል። በ1990ዎቹ በዓመት ከ100 በላይ መድረክ ትሠራ ነበር። ሬዲዮ አላጫወታትም። ቴሌቪዥንም ያወቃት ዘግይቶ ነው።

ድርጅቱ ያለ ክፍያ የሚደወልበት የስልክ ቁጥር ነበረው። በስልኩ ቁልፎች ላይ ከቁጥሮቹ ጋር የተጻፉትን ፊደላት ስታነብ «በራሷ» የሚል ትርጉም ይሰጥ ነበር። ሰው ደውሎ ካሴትና ሲዲ ያዛል። 2024 ላይ ስለ እሷ የወጣው ዘጋቢ ፊልም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ስልክ ቁጥር ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች አልፈለጓትም ነበር?

ፈልገዋታል። ደጋግመው ጠይቀዋታል። እምቢ አለች።

እምቢታዋ ኩራት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ እንደዚያ አላየውም። አንዲት ወጣት ሴት የምትለብሰውን፣ ጸጉሯን፣ የትኛው ዘፈን መጀመሪያ እንደሚወጣ፣ ስለ ፖለቲካ ታውራ አታውራ የሚወስኑላት ሰዎች ቢሮ ገብታ ስትወጣ ምን ዓይነት ዘፋኝ ሆና እንደምትወጣ ገምቱ። በዚያ ላይ እሷ በ1990ዎቹ በዓመት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት አልበም ታወጣ ነበር። በ1999 ብቻ ሁለት የስቱዲዮ አልበም አውጥታለች። በትልቅ ኩባንያ አሠራር አንድ አልበም ተሸጦ እስኪያልቅ ሌላው መጠበቅ አለበት። እሷ መጠበቅ አልቻለችም። ዘፈኖቹ ትኩስ እያሉ ነው የምታወጣቸው።

ሙዚቃው ፎክ ነው ወይስ ሮክ?

ሁለቱም። መሠረቱ ፎክ ነው፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ የሚነገር ታሪክ። ጊታሩን የምትመታበት ኃይል ግን የሮክ ነው። ከበሮ መቺው አንዲ ስቶቻንስኪ አብሯት መጓዝ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ መድረክ ላይ ቆሞ አዳራሽ የሚያናውጥ ድምፅ ያወጡ ነበር። እየቆየ ፈንክም ጃዝም ገባበት። የጄምስ ብራውን ሳክስፎን ተጫዋች የነበረው ሜሲዮ ፓርከር ሳይቀር አልበሟ ላይ ተጫውቷል። አንዳንድ የድሮ አድናቂዎች የመጀመሪያውን፣ ጊታርና ድምፅ ብቻ ያለውን ይመርጣሉ። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ጊታሯ ለምን እንደዚያ ይሰማል? አንድ ሰው ብቻ የሚጫወተው አይመስልም።

ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ የቀኝ እጇ ጣቶች ላይ አርቲፊሻል ጥፍር ትለጥፋለች፣ እንዳይነቀልም በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ናስትሮ ትጠቀልለዋለች። በዚያ ጥፍር ክሩን ስትመታው ከበሮ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የጊታሩን ቅኝት ትለዋውጣለች። ክራር የሚጫወት ሰው ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ ክሮቹን እንደሚቃኘው ማለት ነው። እሷም ለየዘፈኑ ክሮቹን ታወርዳለች ወይም ታወጣለች፣ በተለመደው የጊታር ቅኝት የማይገኝ ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። ሦስተኛው ዝምታው ነው። ክሩን ትመታና ወዲያው በመዳፏ ታፍነዋለች። ምቱ የሚፈጠረው ከድምፁም ከመቋረጡም ነው።

መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው እያወራ፣ እየጠጣ፣ ማንም ሳይሰማህ ስትዘፍን ጊታሩን አጥብቀህ መምታት ትለምዳለህ። ይሄ አጨዋወት የተወለደው እዚያ ነው፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤት አይደለም።

ዋጋም አስከፍሏታል። 2005 ላይ የእጅ ጅማቷ ታሞ ለወራት ጉዞ አቋርጣለች። ያን ያህል ዓመት ሳታርፍ ለተጓዘች ሰው ማቆም ቀላል አልነበረም።

ገንዘብ አግኝታበታለች?

አዎ፣ በደንብ። ከብዛት አንጻር የታላላቆቹን ያህል አልሸጠችም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቅጂ የሚደርሳት ድርሻ ከእነሱ ይበልጥ ነበር፣ መሃል ላይ የሚቆርጥ የለምና። 1997 ላይ የወጣው የመድረክ ሥራዎቿ ድርብ አልበም በአሜሪካ የወርቅ ደረጃ አግኝቷል። 1998 ላይ የወጣው ሊትል ፕላስቲክ ካስል ደግሞ የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ 22ኛ ሆኖ ገባ። ከባፋሎ የሚመራ፣ የአንዲት ዘፋኝ ድርጅት ያሳተመው አልበም ነው ይሄ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ በጣም የምወደው ታሪክ አለ። በ1997 ሚዝ የተባለው የሴቶች መጽሔት አድንቋት ጻፈ። ሲያደንቃት ግን አንዱ ምክንያት ያደረገው ከእያንዳንዱ የተሸጠ ቅጂ የምታገኘው ገቢ በዚያን ጊዜ በሚሊዮን ከሚሸጠው ሁቲ ኤንድ ዘ ብሎውፊሽ ከተባለው ባንድ ይበልጣል የሚል ነበር። አኒ ለመጽሔቱ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች። ይዘቱ ባጭሩ፦ እኔ ዘፋኝ ነኝ፣ ዘፈን እጽፋለሁ፣ የምታስታውሱኝ በሳንቲም ስሌት ከሆነ ሥራዬን አላያችሁትም፤ ገንዘብ የማግኘት ችሎታዬ አይደለም ለሴቶች ምሳሌ መሆን ያለበት። የንግዱ ጋዜጦች ሁሉ «ብልህ ነጋዴ» እያሉ ሲያሞግሷት ነው ይህንን የጻፈችው። እኔ ራሴ እዚህ ስለ ገንዘብ ይህን ያህል እየጻፍኩ ስለሆነ ደብዳቤዋን በየጊዜው ማስታወስ ግዴታዬ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ዘፈኑ የራስህ ሲሆን ሌላ ሰው ሲዘፍነውም ገቢ አለው። አላና ዴቪስ የተባለች ዘፋኝ በ1990ዎቹ መጨረሻ የአኒን ሰርቲ ቱ ፍሌቨርስ እንደገና ዘፍና ሬዲዮ ላይ አስገብታዋለች። አኒ ራሷ ያልደረሰችበት ቦታ ዘፈኗ ደረሰ።

ሁሉንም ነገር ብቻዋን ነው የሠራችው?

አይደለም፣ ይህ አባባል ያናድደኛል። ስኮት ፊሸር የተባለ የባፋሎ ሰው ለረዥም ዓመታት ሥራ አስኪያጇና የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ነበር። እሷ መንገድ ላይ ስትሆን ቢሮውን የሚያንቀሳቅሱ፣ ስልክ የሚያነሱ፣ ፖስታ የሚያሽጉ ሰዎች ነበሩ። ሕትመቱንም ሆነ ሌላውን ሥራ በተቻለ መጠን ባፋሎ ላሉ ድርጅቶች ነበር የሚሰጡት። በ2004 ግራሚ አግኝታለች፣ ሽልማቱ ግን በዘፈን ሳይሆን በአልበም ሽፋንና ማሸጊያ ዲዛይን ነው። ከእሷ ጋር የተሸለመው ዲዛይነር ብራያን ግሩነርት የባፋሎ ሰው ነው። ነገሩ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፣ የከተማዋ እጅ አለበት።

ከዚህም አልፎ ባፋሎ መሃል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንጻ የሆነ፣ ሊፈርስ የነበረ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር። እሷና ፊሸር ወስደው አደሱት። በ2000ዎቹ አጋማሽ የኮንሰርት አዳራሽና የድርጅቱ ቢሮ ሆነ። ዛሬም ሙዚቃ ይቀርብበታል። ገንዘብ ሲመጣ ሎስ አንጀለስ ቤት መግዛት ይቻል ነበር፣ እነሱ ግን የከተማቸውን ጣሪያ ጠገኑ።

ድርጅቱ የሌሎች ዘፋኞችን ሥራ ያሳትማል?

አዎ። ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለባችሁ የአናይስ ሚቼልን ነው። ሚቼል ሄድስታውን የተሰኘውን ከግሪክ አፈ ታሪክ የተነሳ ሥራ መጀመሪያ ቨርሞንት ውስጥ በትንሽ መድረክ ሠራችው። በ2010 አልበም ሆኖ በራይቸስ ቤብ ወጣ። አኒ ራሷ የፐርሰፎኒን፣ ማለትም የሙታን ዓለም ንግሥትን፣ ክፍል ዘፈነች። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው የአኒ ቤዝ ተጫዋች ቶድ ሲካፉስ ነው። ያ ሥራ እያደገ ብሮድዌይ፣ የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች መድረክ፣ ገባ፣ በ2019 የዓመቱን ምርጥ ሙዚቃዊ ድራማ ጨምሮ ስምንት የቶኒ የቲያትር ሽልማት ወሰደ። ሲካፉስም በቅንብሩ ከተሸለሙት አንዱ ነበር።

ከዚያ በ2024 አኒ ራሷ፣ ከአልበሙ 14 ዓመት በኋላ፣ በ53 ዓመቷ፣ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ወጥታ ፐርሰፎኒን ተጫወተች።

ከፕሪንስ ጋር ሠርታለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። 1999 ላይ እሷ በእሱ አልበም ጊታር ተጫወተች፣ እሱ ደግሞ በእሷ አልበም ዘፈነ። ታዋቂው አሜሪካዊ ዘፋኝ ፕሪንስ ከአሳታሚ ኩባንያው ጋር በማስተር ጉዳይ ለዓመታት የተጣላ፣ ፊቱ ላይ «ባሪያ» ብሎ ጽፎ አደባባይ የወጣ ሰው መሆኑን ስታስታውሱ ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው መገመት አይከብድም።

ስለ ምንድን ነው የምትዘፍነው?

ስለ ፍቅር፣ ስለ መለያየት፣ ሴት ሆኖ መንገድ ላይ ስለ መሄድ፣ ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሞት ፍርድ፣ ስለ ውርጃ። የመጨረሻውን ገና በመጀመሪያ አልበሟ ከራሷ ሕይወት ተነስታ ዘፍናዋለች። ሁለቱንም ጾታ እንደምታፈቅር አልደበቀችም፣ ዘፈኖቿም ውስጥ አለ። በዚያን ጊዜ ይህንን በግልጽ የሚዘፍን ሰው ጥቂት ነበር።

በሴፕቴምበር 11 ጥቃት ላይ ረዥም ግጥም ጽፋለች። ጥቃቱ ዓመት ሳይሞላው፣ ኤፕሪል 2002 ላይ፣ እዚያው ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ አቀረበችው። ሐዘኑን ሳታቃልል መንግሥትንም ሳትፈራ ነው የተናገረችው። ጥቂቶች ነበሩ ያን ሰሞን የደፈሩት። አሳታሚዋ ሌላ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ «አሁን ጊዜው አይደለም» የሚል ስልክ ይደወል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዩታ ፊሊፕስ ጋር የሠራቻቸውን ሁለት አልበሞችም አትርሱ። ፊሊፕስ በባቡር ላይ የዞረ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ተራኪ፣ ሽማግሌ የፎክ ዘፋኝ ነበር። እሱ ያወራል፣ እሷ ከሥሩ ሙዚቃ ታነጥፍለታለች። አዛውንት ሲያወጋ ቁጭ ብሎ መስማት ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚሻል ነገር የለም።

አድናቂዎቿ ተቆጥተውባት ያውቃሉ?

ሁለት ጊዜ በደንብ። መጀመሪያ 1998 ላይ የድምፅ ባለሙያዋን አገባች። አንዳንድ አድናቂዎች ወንድ አገባሽ ብለው እንደ ክህደት ቆጠሩባት። ይሄኛው ቁጣ ፍትሐዊ አልነበረም። ዘፈን ሰማን ብለን የሰውን ትዳር መወሰን አንችልም።

ሁለተኛው ግን ፍትሐዊ ነበር። 2013 መጨረሻ ላይ ለዘፈን ጸሐፊዎች የሥልጠና ቆይታ አዘጋጀች፣ ቦታው ሉዊዚያና ውስጥ ኖቶዌይ የሚባል ድሮ ጥቁሮች በባርነት የተሠቃዩበት እርሻ ነበር። በተለይ ጥቁር ሴቶች እንዴት እዚያ ትዘፍኛለሽ ብለው ተነሱ። ዝግጅቱን ሰረዘች፣ ነገር ግን ከስረዛው ጋር ያወጣችው ረዥም መግለጫ ራሷን የሚከላከል ነበርና ቁጣውን አባባሰው። ከቀናት በኋላ አጭርና ቀጥተኛ ይቅርታ ጠየቀች። እኔ እወዳታለሁ፣ ይህንን ግን አልሸፍንላትም። በነጻነት የሚሠራ ሰው ስህተቱን የሚያላክክበት ኩባንያም የለውም።

አሁን የት ናት?

ከ2000ዎቹ ጀምሮ ኒው ኦርሊንስ ትኖራለች። ሁለተኛ ባሏ ማይክ ናፖሊታኖም የድምፅ ባለሙያ ነው፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። 2005 ላይ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ አልበም በመሥራት ላይ ነበረች፣ ሥራውን ይዛ ወጥታ ባፋሎ ነው የጨረሰችው። 2019 ላይ የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች። በ2021 እና በ2024 አዳዲስ አልበሞች አውጥታለች፣ አሁንም በዚያው በራሷ ድርጅት። የ2024ቱ ላይ ቢጄ በርተን ከተባለ ፕሮዲውሰር ጋር ሠርታ ድምፁን በኤሌክትሮኒክስ አናውጣዋለች። ለእኔ ጆሮ ትንሽ ከበደኝ፣ ግን በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው እንደ አዲስ መሞከሩ ያስደስታል።

እኔም እንደሷ ማድረግ እችላለሁ?

ይህንን ነው በብዛት የምትጠይቁኝ። ዘመኑ አንድ አይደለም። እሷን ያኖራት ካሴትና ሲዲ በእጅ መሸጥ ነበር፣ ዛሬ ሰው ዘፈን በስልኩ ይሰማል፣ ከአንድ ጊዜ መሰማት የሚገኘው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ካሴቱን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ውሰዱ። መጀመሪያ መድረክ፣ ቀጥሎ አድማጭ፣ ቀጥሎ ቅጂ፣ መጨረሻ ላይ ድርጅት። እኔ የማያቸው ልጆች ብዙዎቹ ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት። ሎጎ ያሠራሉ፣ ቪዲዮ ላይ ብራቸውን ይጨርሳሉ፣ ከዚያ በፊት ግን ሃያ ሰው ፊት ቆመው አልዘፈኑም።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ግሩም ግጥም ይጽፋል። አንድ አሳታሚ ለአንድ አልበም ገንዘብ ሰጥቶት ሳያነብ ፈረመ። አሁን የራሱን ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሲጭን ይነሳበታል። ውሉን አምጥቶ ሲያሳየኝ «ሙሉ በሙሉና ለዘለዓለም» የሚል ቃል ነበረበት። ያቺን መስመር ሳያያት ነው የፈረመው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ማስተሩ የማን እንደሚሆን፣ ለስንት ዓመት፣ ዜማና ግጥሙስ የማን እንደሆነ የሚለውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ካልገባችሁ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ የደራሲውን፣ የተጫዋቹንና የድምፅ ሪከርዱን አዘጋጅ መብት ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ሦስቱንም በአንድ ፊርማ አሳልፋችሁ ልትሰጡ እንደምትችሉ እወቁ።

ደግሞም አለመፈረም ለሁሉም ሰው አይሆንም። ሒሳብ መያዝ፣ ስልክ ማንሳት፣ ከከተማ ከተማ መንዳት የማይችል፣ የሚያምነው ሰውም አጠገቡ የሌለው ሰው ጥሩ ውል ቢፈርም ይሻለዋል። ጥሩ ውል ማለት ማስተሩ ከተወሰነ ዓመት በኋላ የሚመለስበት ነው።

መስማት ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ የ1997ቱን የመድረክ አልበም፣ ሊቪንግ ኢን ክሊፕን ስሙ። ሕዝቡ ከእሷ ጋር ሲዘፍን፣ በዘፈኖቹ መሃል ስትስቅና ስታወራ ይሰማል፣ ለምን ሰው ከከተማ ከተማ እንደተከተላት ወዲያው ይገባችኋል። ቀጥሎ የ1995ቱን ኖት ኤ ፕሪቲ ገርል። ከወደዳችሁት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የ1990ውን የመጀመሪያ አልበም አውጡ፣ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በጆሮ ማዳመጫ። ጥፍሯ ክሩን ሲነካ ይሰማችኋል።